ስለ አየር መጭመቂያ መኪና አመራረጥ

አየር በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይጨበጥም። ነገር ግን ኀይል ያለው ነገር መኾኑን ብረት ቀጥቃጭ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ወናፉ አየሩን ሰብስቦ በጠባብ አፍ ሲተፋው፥ ሊጠፋ የደረሰው ፍም ይነድዳል። ዛሬ ጎማ የሚነፋው፥ ቀለም የሚረጨው፥ ብሎን የሚፈታው፥ ሰዎች ኮምፕሬሰር የሚሉት የአየር መጭመቂያ መኪና የወናፍ ታናሽ ወንድም ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገዛው በእቁብ ወይም በብድር ገንዘብ ስለ ኾነ፥ ሳይመረምሩ የገዙት እንደ ኾነ ከሥራው ትርፍ በፊት ዕዳው ይቀድማል። ስለዚህ የእጅ ሥራ የሚያስተምር መምህርም፥ ምክር የሚጠየቅ ሽማግሌም የአመራረጡን ሥርዐት ሊያውቅ ይገባዋል።

፩ኛ፤ ስለ አሠራሩ።

የመኪናው ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም ሞተሩ፥ ፒስተኑ እየተመላለሰ አየሩን የሚጨምቅበት ሲሊንደር፥ የተጨመቀውም አየር የሚጠራቀምበት የብረት ጋን ናቸው። ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1662 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ ሙቀቱ ሳይለወጥ አየር የያዘው ስፍራ በግማሽ ቢጠብ ግፊቱ እጥፍ ይኾናል። ግፊት የሚለካው በባር ነው፤ አንድ ባር ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። መምህሩ ይህን ለማሳየት የብስክሌት መንፊያ ይበቃዋል። ተማሪው የመንፊያውን አፍ በጣቱ ደፍኖ እጀታውን ሲገፋ አየሩ መልሶ ሲገፋው፥ መንፊያውም ሲሞቅ ይሰማዋል።

፪ኛ፤ ከሥራው ወደ መኪናው።

ብዙ ሰዎች የጋኑን ትልቅነት አይተው ይገዛሉ። ይህ ስሕተት ነው። የወናፍ አቅም ከነፊው ክንድ እንጂ ከቆዳው ስፋት ብቻ እንደማይመጣ፥ የዚህም መኪና አቅም የሚታወቀው በየደቂቃው ስንት ሊትር አየር ጨምቆ እንደሚያወጣ በመቍጠር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሥራው ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ይታወቅ፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ይመረጥ።

ኹለት ዐይነት ሥራ አለ። ጎማ ጠጋኝ ለትልቅ የጭነት መኪና ጎማ እስከ 8 ባር የሚደርስ ግፊት ያሻዋል፤ ነገር ግን አንዱን ነፍቶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ መኪናው ያርፋል። ስለዚህ መጠነኛ መኪና ከደኅና ጋን ጋር ይበቃዋል። የቤት ዕቃ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን 3 ባር ያህል ግፊት ቢበቃውም፥ መርጫው ያለ ዕረፍት አየር ይጠጣል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ብዙ አየር የሚያወጣ መኪና ነው።

፫ኛ፤ ስለ ሒሳቡ።

በመኪናው ላይ የሚጻፈው ቍጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው አየር እንጂ የሚያወጣው አይደለም። በትንንሽ መኪናዎች የሚወጣው ከሚሳበው ኹለት ሦስተኛ ያህል ነው። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ 250 ሊትር የተጻፈበት መኪና በእውነት የሚያወጣው 165 ሊትር ያህል ነው፤ ይህም በደጋ በባሕር ጠረፍ አየር ስፍር ወደ 125 ሊትር ይወርዳል።

የቀለም መርጫው በደቂቃ 200 ሊትር የሚጠጣ ከኾነ በየደቂቃው 75 ሊትር ይጐድላል። ባለ 50 ሊትር ጋን ግፊቱ ከ8 ባር ወደ 4 ባር ሲወርድ የሚሰጠው 200 ሊትር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግፊቱ ይደክማል፤ ቀለሙም ይንጠባጠባል። ጋኑ እጥፍ ቢኾን ድካሙ ይዘገያል እንጂ ጕድለቱ አይጠፋም። ይህ እንዳይደርስ መኪናው በእውነት የሚያወጣው አየር ከሥራው ፍላጎት ቢያንስ ሩብ ያህል የሚበልጥ ይኹን።

፬ኛ፤ ስለ ሞተሩ።

እስከ 3 የፈረስ ጕልበት ድረስ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ በተራ የ220 ቮልት መብራት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ሳይመረመር መኪና አይገዛ። መብራት በሌለበት ስፍራ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ሞተር የሚሠራ አለ፤ ነገር ግን ጢሱ ሰው ስለሚገድል ሞተሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ።

፭ኛ፤ ስለ ጥንቃቄው።

አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ኾኖ በጋኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። የሳሳ ጋን አንድ ቀን ይፈነዳል፤ በአጠገቡም ያለውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ውሃው በየማታው ከሥሩ ይፍሰስ። ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ አይደፈን። አሮጌ ጋን ሲገዛ አዋቂ ሰው በአየር ሳይኾን በውሃ ግፊት ይፈትነው፤ ውሃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ጋኑ ቢሰነጠቅ እንኳ አደጋው ያነሰ ነው። ዝገት የበላውን ጋን በብየዳ ጠግኖ መሥራት ሞትን መጥራት ነው። የተጨመቀውንም አየር ለጨዋታ ወደ ሰው ገላ መንፋት ክልክል ነው፤ ዓይን ያጠፋል፥ ጆሮ ያደነቍራል፥ አንጀትም ይበጣጥሳል።

እንግዲህ ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሥራውን፥ አገሩንና መስመሩን በወረቀት ይጻፍ። አስቀድሞ ያሰበ ሰው ገንዘቡንም ሕይወቱንም ያተርፋል።

ጥያቄ።
1. ጎማ ጠጋኝና ቀለም ቀቢ አንድ ዐይነት መኪና የማይገዙት ስለ ምንድር ነው?
2. 300 ሊትር የሚስብ መኪና በአዲስ አበባ በእውነት ስንት ሊትር ያህል ያወጣል?
3. ጋን በአየር ሳይኾን በውሃ የሚፈተነው ስለ ምንድር ነው?