የአንጀት ብግነቱ የት ላይ ነው?

ተቅማጥ ሲይዘን አብዛኞቻችን «አሜባ ነው» ብለን መድኃኒት ገዝተን እንውጣለን። ብዙ ጊዜም ይሻለናል። ነገር ግን ተቅማጡ ወራት ካስቆጠረ፣ በሰገራ ላይ ደም ከታየና ክብደት ከቀነሰ የአንጀት ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ብግነቱ ተላላፊ አይደለም፤ ባል ከሚስት ወይም ሚስት ከባል አይጋባባቸውም።

ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው ከፊንጢጣ ይጀምርና በትልቁ አንጀት ብቻ ይወሰናል። ክሮንስ የሚባለው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ በብዛት የሚያጠቃው ግን የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ነው።

ሥፍራውን ማወቅ ለምን አስፈለገ? ሰልፋሳላዚን የተባለውን ክኒን እንመልከት። ይህ መድኃኒት ሁለት ነገሮች ተጣምረው የተሠራ ሲሆን፣ ጥምረቱን የሚፈቱት በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ቁስሉ ትልቁ አንጀት ላይ ከሆነ ይጠቅማል፤ ቀጭኑ አንጀት ላይ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ሳይፈታ ያልፈዋል። ቁስሉ ፊንጢጣ አካባቢ ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ ከሚዋጠው ይልቅ በፊንጢጣ የሚገባው ሜሳላዚን ይበልጥ ይሠራል። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ መድኃኒት መውሰድ ያፍራል፤ ቁስሉ ዘንድ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ ግን እርሱ ነው።

የእርግዝና መከላከያ ክኒን ወደ ደም የሚገባው በቀጭኑ አንጀት በኩል ነው። ሚስት ሕመሟ በቀጭኑ አንጀት ላይ ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ተቆርጦ ከወጣላት፣ ክኒኑ ላይታመን ይችላል። ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይሻላታል። ሕመሟ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ ከሆነ ክኒኑ ወደ ደም ይገባል፤ ሆኖም ሕመሙ ሲበረታ ደም የመርጋት አደጋ ስላለ ክኒን ከመጀመሯ በፊት ለክሊኒኩ ነርስ ትንገር።

ባልስ? ሰልፋሳላዚን የወንድ ዘርን ቁጥር ይቀንሳል። ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ሚስት ላይ መሆኑ ያሳዝናል። መድኃኒቱ ሲቆም ዘሩ በሁለት ወይም በሦስት ወር ይመለሳል፤ ግን በራሳችሁ አታቁሙት፣ ሐኪሙ በሌላ ይለውጠዋል። ሰልፋሳላዚን የምትወስድ ሚስት ማርገዝ ካሰበች ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ግን በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም፤ ጽንሱን ይጎዳል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአንጀት ቲቢም የሚወደው ያንኑ የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ ስለሆነ ከክሮንስ ጋር ይመሳሰላል። ለክሮንስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ቲቢን ያባብሳል። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀቱን አይቶ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከጎሬ፣ ከሁሩሙ ወይም ከያዮ የምትመጡ በመጀመሪያ መቱ ካርል ሆስፒታል ቅረቡ፤ ከዚያ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ልትላኩ ትችላላችሁ። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው በወራት የሚቆጠር ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የመከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ያዳክማል፤ ሉፕንና የሦስት ወሩን መርፌ ግን አይነካም።