የመደበኛና የማታ የቢዝነስ ትምህርት ምርጫ፦ ከሰንጋ ተራ አንጻር

በልደታ ወገን ባለው ሰንጋ ተራ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኮሜርስና የበርካታ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በእግር በሚደረስ ርቀት ይገኛሉ። ይህ ጉርብትና ለባንክ ሠራተኛ የማታውን ትምህርት የማያጠያይቅ ምርጫ ያስመስለዋል፤ ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ ሳይሰለፍ ክፍል ይገባልና።

ጋሪ ቤከር በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሂውማን ካፒታል» እንዳብራራው፣ የትምህርት ወጪ ክፍያው ብቻ ሳይሆን በመማር ምክንያት የሚታጣው ገቢ ጭምር ነው። የመደበኛ ተማሪ ይህን ገቢ ያጣል፤ ቤት ኪራይ የሚከፍልና ወላጅ የሚጦር ከሆነ ጉዳዩ የስሌት መሆኑ ቀርቶ የመቻልና ያለመቻል ይሆናል። የማታ ተማሪ ግን የሚከፍለው በጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በሳምንት እስከ 48 ይፈቅዳል። የሚተርፈው ሰዓት ለክፍል ይበቃ ይሆናል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን፣ መረጃ የሚሰበሰበውም አማካሪ የሚገኘውም በአብዛኛው በሥራ ሰዓት በመሆኑ፣ እምብዛም አይበቃም። የማታ ተማሪ ክፉኛ የሚፈተነው፣ ከኮርሶቹ ይልቅ፣ እዚህ ላይ ነው።

አሠሪው ወጪውን ሲሸፍን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በቤከር ትንታኔ፣ በየትኛውም ድርጅት ለሚያገለግል አጠቃላይ ሥልጠና አሠሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም፤ ሠራተኛው ዕውቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ባንክ ሊሻገር ይችላልና። የአገልግሎት ግዴታ ውል የሚፈረመው ለዚሁ ነው። ስለዚህ በነጻ የተገኘ የሚመስለው የማታ ትምህርትም የሚታጣ ገቢ አለው፦ በግዴታው ዓመታት የታለፈ የተሻለ ደመወዝ። አመልካቹ ከመፈረሙ በፊት፣ የግዴታው ዘመን የሚቆጠረው ትምህርቱ ከተጀመረበት ነው ወይስ ከተጠናቀቀበት ዕለት የሚለውን ማጣራት ይኖርበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ በዘገየ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል።