የተገጠበች አህያ ማን ያስጠጋት?

ጥያቄ፦ የይጁቤ ወጣቶች ነን። ጀርባቸው ተገጥቦ ሜዳ የሚጣሉ አህዮችን የሚያስጠጋ ማኅበር ማቋቋም አስበናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከመኖው ጀምሩ። 130 ኪሎ የምትመዝን አህያ በቀን 2 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ ጭዱን በውቂያ ጊዜ አከማቹ። አዲስ የመጣችውን የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ለብቻዋ አቆዩ፤ ቁስሏን በንጹሕ የጨው ውኃ እጠቡ። በረቱም ጅብ የማይደፍረው ይሁን። ሥራችሁ በአማራ ክልል ብቻ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው፤ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ይመለከታል። በአገራችን የሠሩት ብሩክና ስፓና የተባሉ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከሕክምናው ጎን ለጎን ባለቤቶችን አስተምረዋል። እናንተም ከጭነት ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ንጣፍ እየሰፋችሁ ብትሸጡ ገቢ ታገኛላችሁ፤ የሚገጠበውም ጀርባ ይቀንሳል።