በበጋ የማይታይ ሀብት፤ የምድር ኦርኪዶች የወቅት ኑሮና ለሰፈራ ጥናት የሚሰጠው ትምህርት

በደቡብ ታንዛኒያ ከፍተኛ ቦታዎች ዝናብ የሚዘንበው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ የኪቱሎ አምባ የሣር ምድር በኦርኪድ አበባዎች ያሸበርቃል። በሐምሌ ወር ወደዚያው ሥፍራ የሚደርስ እንግዳ ግን ከደረቀ ሣር በቀር የሚያየው የለም። ተክሎቹ ከአፈር በታች ሆነው የሚቀጥለውን ዝናብ በመጠባበቅ ላይ ናቸው።

የዓመቱ ዑደት

ዲሳ፣ ሳቲሪየምና ሀቤናሪያ የተባሉት የኦርኪድ ወገኖች ከመሬት ውስጥ እንደ ትንሽ ድንች ያበጠ ሥር አላቸው። ባለፈው ዓመት የተሠራው ሥር የዘንድሮውን ቅጠልና አበባ ይመግባል፤ በአጠገቡም ለከርሞ የሚሆን አዲስ ሥር ያድጋል። ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠሉ ይደርቃል፣ አሮጌው ሥር ይሟሽሻል፣ አዲሱ ብቻ በጋውን ያልፋል። የተክሉ ሕይወት በሙሉ በዚህ በአንዱ ሥር ላይ የተመሠረተ ነው።

ዘሩ እንደ ብናኝ የደቀቀ ሲሆን፣ የራሱ ስንቅ የለውም። ለመብቀል በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሊመግበው ይገባል። ለማበብም ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የጠፋውን ተክል መልሶ ማልማት እንደ እህል ዘርቶ ማጨድ የሚቀል አይደለም።

መኖሪያቸው

እነዚህ ተክሎች በተራራ የሣር ምድር፣ በክረምት ውሃ በሚያቁር ጨፌና በገላጣ ደን ውስጥ ይገኛሉ። በኢትዮጵያም የእነዚሁ ወገኖች ዝርያዎች በደጋው የሣር ምድርና በጨፌው የሚበቅሉ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚያብቡት በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ ነው። ጨፌው ሲጠነፈፍ ወይም ሲታረስ ሥሩም ፈንገሱም አብረው ይጠፋሉ።

ምግብና ንግድ

በዛምቢያ የኦርኪዱ ሥር ደርቆና ተወቅጦ ከለውዝ ዱቄት ጋር ይበስላል፤ ሲረጋም ተቆርጦ ይበላል። ምግቡ ቺካንዳ ይባላል። ቀድሞ በተለይ የሰሜን ዛምቢያ ገጠር ምግብ የነበረው ቺካንዳ በከተማ ገበያ ሲፈለግ፣ በአገሩ ያለው ሥር እየተመናመነ ሄደ፤ ነጋዴዎችም ፊታቸውን ወደ ታንዛኒያ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከታንዛኒያ ወደ ዛምቢያ የሚሻገረውን ሥር በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ገምቶታል። ቆፋሪው የሚመርጠው ጠንካራውን አዲስ ሥር በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ሥር ሲወጣ አንድ ተክል ይሞታል። ኪቱሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ይሁንና ሥሩ ለድኃ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያስገኝ ስለሆነ፣ ክልከላ ብቻውን የቆፋሪውን ችግር አያቃልልም።

ለሥራ ባልደረቦች የሚጠቅሙ ነጥቦች

የሰፈራ ቦታ ጥናት ለተሽከርካሪ መንገድ አመቺ በሆነው በበጋ ወራት ሲካሄድ፣ በበጋ ባዶ የሚመስል መሬት ባዶ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህን ስሕተት ለመከላከል የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

1ኛ. ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቦታውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በዝናብ ወቅት መጎብኘት፤

2ኛ. ነባሩ ሕዝብ፣ በተለይም ሴቶችና እረኞች፣ ከዱር ምን እንደሚለቅሙና እንደሚቆፍሩ፣ በየትኛው ወርና በምን ዓይነት ክፉ ዘመን እንደሆነ ጠይቆ መመዝገብ፤

3ኛ. ጨፌውን ከእርሻ ድልድል ውጭ አድርጎ በካርታ ላይ ማመልከት፤ ይህም ለከብት ግጦሽ ጭምር ይጠቅማል፤

4ኛ. ሰፋሪው የመጀመሪያው ምርት እስኪደርስ የሚበቃ ቀለብ ማግኘቱን ማረጋገጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቃል። ቀለብ ያጣ ሰው ያገኘውን ሥር መቆፈሩ አይቀርም። የነባሩ ሕዝብ የክፉ ቀን መጠባበቂያ በአንድ ዓመት ካለቀም፣ በሚቀጥለው ድርቅ ነባሩና ሰፋሪው እኩል ተረጂ ይሆናሉ።