ርካሽ ሰው ሠራሽ እግር፦ ማዕከሉ ሲነደፍ ከምን እንጀምር?

ቤኤር ያዕቆብ ወዳለው አሳፍ ሀሮፌ (የዛሬው ሻሚር) ሆስፒታል ወላጅ ይዘን ያልሄድን ጥቂቶች ነን። ከኢትዮጵያ በመጡ ወላጆቻችን ዘንድ የስኳር በሽታ እዚህ ከገቡ በኋላ ተስፋፍቷል፤ እግር ከሚያስቆርጡ ዋና ምክንያቶችም አንዱ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ዋጋ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራና የሚያጠና ማዕከል እንዴት ይነደፍ የሚለው ጥያቄ ለምህንድስና ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ርካሹ እግር ራሱ ከተገኘ ቆይቷል። በሕንድ ጃይፑር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ከጎማ የተሠራው እግር ያለ ጫማ ያስኬዳል፣ ቁጢጥ ብሎም ያስቀምጣል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን በተባለ ርካሽ ፕላስቲክ የሚሠራ ዘዴ አስፋፋ፤ አዲስ አበባም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቴክኒሻኖች ይህን ሙያ ተምረውባታል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ባለሙያው የቀረውን እግር በጀሶ ይለካል፤ በልኩ ቀፎ ይሠራል። ነገር ግን እብጠቱ ሲጎድልና ጡንቻው ሲከሳ የመጀመሪያው ቀፎ ይሰፋል፣ ይፈገፍጋል፣ ያቆስላል። ሰውዬው ደጋግሞ መመለስ አለበት። አዋቂ ሰው በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ አዲስ እግር ያስፈልገዋል፤ ልጅ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ ይቀየርለታል። ከገጠር ወደ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ለሚመጣ ገበሬ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያውና የተፈታው ሥራ ወጪ ከፕላስቲኩ ሊበልጥ ይችላል። ማደሪያ የሌለው ማዕከል፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሽ ማዕከል ነው።

እዚህ አውቶቡስ አለ፤ ቢሮው ግን ይለያያል። በሥራ ላይ የተጎዳ ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ በውትድርና የተጎዳ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር፣ በስኳር የተቆረጠ ደግሞ በኩፓት ሖሊምና በጤና ሚኒስቴር በኩል ይሄዳል። ቅጹን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። አባቶቻችን «እንዴት ነው እግሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ቁስሉ ላያማቸው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄ አይበቃም፤ ቀፎው ወልቆ ቆዳው መታየት አለበት።

የምርምሩ ክፍልም ስንት እግር እንደታደለ ከመቁጠር ይልቅ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚለብሰውና ስንቱ አልጋ ሥር እንደጣለው ይጠይቅ። ለዚህ በአማርኛና በትግርኛ ደውሎ የሚጠይቅ፣ ቤት ድረስ የሚሄድ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ደመወዙ ከመጀመሪያው በጀት፣ ከፕላስቲኩና ከምድጃው ጎን ይጻፍ።