የተመረጡት እነማን ናቸው?

ለጥናት የሚነበብ፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-11፤ የሉቃስ ወንጌል 13፥22-30።



በማኅበራችን የማታ ጥናት የሮሜን መልእክት ስናነብ ወደ 9ኛው ምዕራፍ ደረስን። ከወጣቶቹ አንዱ፥ «እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር ከመረጠ፥ እኛ ወንጌልን ብንናገር ምን እንጨምራለን? ባንናገርስ ምን ይጎድላል?» ሲል ጠየቀ። ሌላው መለሰለት፤ ሦስተኛው ተቃወመው። እኔም የተማርሁትን ማሳየት ወድጄ ነበርና ክርክሩ ሦስት ማታ ፈጀ። በሦስተኛው ማታ ሰው ሲበተን አንዲት አሮጊት እናት በደጅ ቆመው ጠበቁኝ። «ቄስ፥ ነገራችሁ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ አልደረስሁበትም። ነገር ግን ፈራሁ። የእኔ ስም ከተጻፉት ጋር እንዳለ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሦስት ማታ ስንናገር ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል እንዳልተናገርን ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

ጌታችንንም አንድ ሰው የሚድኑት ጥቂቶች እንደ ሆኑ ጠይቆት ነበር። ጌታ ቍጥሩን አልነገረውም፤ በጠበበው በር ለመግባት እንዲጋደሉ አዘዘ እንጂ። ጴጥሮስም ስለ ዮሐንስ ዕድል በጠየቀ ጊዜ የተሰጠው መልስ፥ አንተስ ተከተለኝ የሚል አሳብ ያለው ነው። ስለ ሌላው ሰው መጨረሻ የሚጠይቅ ሁሉ ወደ ራሱ ጥሪ ይመለሳል።

ማርቲን ሉተር በገዳም ሳለ በዚሁ አሳብ እጅግ ተጨንቆ ነበር። አለቃው ዮሐንስ ሽታውፒትስ የተሰወረውን ምክር መመርመር ትቶ ወደ ክርስቶስ ቍስል እንዲመለከት መከረው። ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1522 ለሮሜ መልእክት በጻፈው መቅድም አንባቢው የመልእክቱን ተራ እንዲከተል አስተማረ፤ ይኸውም አስቀድሞ ኃጢአቱንና የክርስቶስን ጸጋ ይወቅ፥ ከኃጢአት ጋር ይታገል፥ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ መስቀልና ስለ መከራ ይማር፤ ከዚህ በኋላ 9ኛው ምዕራፍ መጽናኛ ይሆንለታል። እኛ ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ በጣራው ልንገባ ሞከርን።

አንዱ ሲያምን ሌላው ለምን እንደማያምን መጽሐፍ ቅዱስ አይገልጽልንም። የሚገልጸው፥ እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ይድኑ ዘንድ እንደሚወድ ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4)። የሚድን በጸጋ ብቻ ይድናል፤ የሚጠፋም በራሱ አለማመን ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ክር ለመስፋት የሚሻ መርፌው ይሰበርበታል።

እንግዲህ ወደ ቆሮንቶስ እንሂድ። ጳውሎስ በዚያች ከተማ በድካምና በፍርሃት ነበረ፤ ይህን ራሱ ጽፎታል (1ኛ ቆሮንቶስ 2፥3)። በምኵራብ ተቃውመውት ወጥቶአል። በሌሊት ጌታ በራእይ ተገልጦ እንዳይፈራ፥ ዝምም እንዳይል አዘዘው፤ በከተማይቱም የእርሱ የሆኑ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ነገረው። የስማቸውን ዝርዝር ግን አልሰጠውም። ጳውሎስ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «የጌታ ከሆኑስ ያለ እኔ ይመጣሉ» ብሎ ዕቃውን አልጠቀለለም፤ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተማረ። ወጣቱ ወንድማችን ለመቀመጥ ምክንያት ያደረገውን ነገር ጳውሎስ ለመሥራት ምክንያት አደረገው። ድካሙ በከንቱ እንደማይቀር አውቆአልና፥ በገበያ የሚያገኘውን ሁሉ የጌታ ሊሆን እንደሚችል ሰው ይመለከተው ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም ኦኔስሞስ ነሲብን እናስብ። በልጅነቱ ተሸጦ፥ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ። ወንጌልን ይዞ ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ቢሞክር መንገዱ ተዘጋበት፤ ደግሞ ሞከረ፥ አልሆነለትም። «እግዚአብሔር ይህን ሕዝብ አልመረጠም» ለማለት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚፈልግ ማን ነው? እርሱ ግን ተቀምጦ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ፤ ኦኔስሞስም በ1904 ነቀምቴ ገባ። መንገዱ ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታት የሚነበበው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ቆየ።

ለእኒያ እናት ምን መለስሁ? «በሰማይ ያለውን መዝገብ እኔም አላነበብሁም» አልኋቸው። «ነገር ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሲጠመቁ ስምዎ ተጠርቶአል። በቅዱስ ቍርባንም ‹ስለ እናንተ› የተባለው ለእርስዎ ጭምር ነው። እግዚአብሔር በአፉ የሚናገረውን በልቡ አይክድም። የጠራዎት ክርስቶስ ነው፤ ምርጫዎን በእርሱ ይፈልጉት።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንዲህ ከሆነ ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ነው፤ አርጅቶአል፥ ታምሞአልም። ይህን የነገረው ሰው የለም» አሉ።

በቅዳሜው ያ ጥያቄውን ያነሣው ወጣት መጽሐፉን ይዞ፥ እናታችንም ምርኵዛቸውን ይዘው አብረው ወደ ማዶ ተሻገሩ። 9ኛውን ምዕራፍ ገና አልጨረስነውም።