ወላጅን ለቆንስላ ጥያቄ ማዘጋጀት

በውጭ አገር ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ለመውሰድ ሲያመለክቱ፣ የቁምስና ካቴኪስቶች ለምክርና ለጥምቀት ምስክር ወረቀት ይፈለጋሉ። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚደረገውን ጉዞ ምሳሌ አድርገን፣ ወላጅን ለጥያቄው በእውነት ማዘጋጀት ምን እንደሆነ እንመለከታለን።

ሀ. ሕጉ

በአሜሪካ ሕግ ለወላጁ ማመልከት የሚችለው ዜግነት ያለውና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው አይችልም። ከ1965 እ.ኤ.አ. የሕግ ማሻሻያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ወላጆች በዓመታዊ የቪዛ ቁጥር አይገደቡም። ልጁ ገቢው በአብዛኛው ከአገሪቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ እንደማያንስ በፊርማው ያረጋግጣል። ወላጁም የሕክምና ምርመራ አድርጎ፣ ማስረጃዎቹን ይዞ በቆንስላው ሹም ፊት ይቀርባል።

ለ. የችግሩ ምንጭ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ብዙ እናቶች የልጃቸውን ልደት የሚያስታውሱት «ንጉሡ በወረዱ ዓመት» እያሉ ነው። በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት፣ እንዲሁም የክርስትናና የዓለም ስም መለያየት ወረቀቶችን እርስ በርስ ያጋጫል። ይህ ማብራሪያ የሚሻ ነገር እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ ክፍተቱን በፈጠራ መሙላት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። የእኅትን ወይም የወንድምን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ በእኛ ዘንድ የተከበረ ልማድ ነው። አሳዳጊይቱ «ልጄ ነው» ብትል በልቧ አልዋሸችም። ሹሙ ግን የሚጠይቀው ስለ መውለድ፣ ወይም ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው በሕግ ስለ ተፈጸመ ጉዲፈቻ ነው። «ወልጄዋለሁ» ብላ ብትመሰክር ስምንተኛውን ትእዛዝ ትተላለፋለች፤ የዘር ምርመራ ቢታዘዝም እውነቱ ይገለጣል፤ በማታለል የተገኘም ሰው ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል።

ሐ. ዝግጅቱ

1. ልጁ የሞላውን ማመልከቻ ቅጂ ይላክ፤ ለወላጁም በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት።
2. ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን፣ የማይስማማውን ስምና ቀን አስቀድመን እንለይ።
3. መልስ አናስጠናው፤ ሕይወቱን ራሱ ይተርክ፤ የተጋባበትን ዘመን፣ የወለዳቸውንና የሞቱበትን ልጆች ይናገር። ያላስታወሰውን «አላስታውስም» ይበል።
4. እንግሊዝኛ ማወቅ ለቪዛው ግዴታ ስላልሆነ አይፈር።
5. ካቴኪስት የጥምቀት መዝገቡን እንዳለ ይገልብጥ፤ ስለ ርኅራኄ ብሎ ቀን አይለውጥ።
6. የቪዛ ደንብና ውሳኔ ስለሚለዋወጥ፣ ቪዛው በእጅ ሳይገባ ቤትና ከብት አይሸጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወላጁ ራሱ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። ወላጅን ማክበር ፈቃዱን ከመስማት ይጀምራልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያሳደገች እናት እውነቱን ተናግራ ቪዛ ብትከለከል፣ ቤተሰቡና ቁምስናው እንዴት ሊደግፏት ይገባል?
2. በመዝገብ ላይ ቀን እንዲለወጥ ለሚለምን ወዳጅ ምን እንመልሳለን?